ደብተር ሙሉ ኢሜይል አለኝ፤ በምን ልላክ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ብራና ላይ ሥዕል እሠራለሁ። ደንበኞቼ በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሻገሩ ቱሪስቶች ናቸው። ሥዕል የገዛ ሰው ኢሜይሉን ደብተሬ ላይ ይጽፍልኛል፤ አሁን 300 ደርሰዋል። አዲስ ሥራ ሳወጣ በየወሩ ልጽፍላቸው አስቤያለሁ። ለብዙ ሰው ባንዴ ኢሜይል ከሚልኩት የኢንተርኔት አገልግሎቶች አንዱ ሜይልቺምፕ፣ አንዱ ሰብስታክ፣ ሌላው ኪት ያዢ ይለኛል። በወር የምከፍለው ዶላር የለኝም። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ብሆን ኪትን ነው የምይዘው። የድሮው ኮንቨርትኪት ማለት ነው፤ እስከ 10,000 ተመዝጋቢ በነፃ ያስልካል። ሜይልቺምፕ ስሙ ገናና ነው፤ በነፃ የሚሰጠው ግን እየጠበበ መጥቷል፣ ይባስ ብሎ «አትላኪልኝ» ብሎ የወጣውንም ሰው ይቆጥርብሻል። ሰብስታክ ለመላክ አያስከፍልም፤ 10 በመቶ የሚቆርጠው ጽሑፍሽን በክፍያ ስትሸጪ ነው። ክፍያው ስትራይፕ በሚባል የኢንተርኔት ክፍያ አቀባባይ ስለሚያልፍና ስትራይፕ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ስለማይሠራ ግን፣ እዚህ ቁጭ ብለሽ ያንን ገንዘብ መቀበል ይከብድሻል። አንቺ የምትሸጪው ሥዕል ነውና ለጊዜው አይነካሽም።

የትኛውንም ያዢ፣ የተመዝጋቢዎችሽን ዝርዝር በየወሩ በሲኤስቪ ፋይል (በኤክሴል የሚከፈት ሠንጠረዥ ነው) አውርደሽ ፍላሽ ላይ አስቀምጪ። አካውንትሽ ነገ ቢዘጋ ሰዎቹ አብረው እንዳይጠፉብሽ።

እኔን በጣም ያሳሰበኝ ደብተሩ ነው። እነዚያ ሰዎች ኢሜይላቸውን ሲሰጡሽ በየወሩ ጻፊልን ብለውሻል? ካላሉሽ 300ውን ባንዴ አትጫኚ። ጂሜይል ላኪዎችን፣ መልእክታችሁን ስፓም (ያልተፈለገ መልእክት) የሚለው ሰው 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይላል፤ ከ300 ሰው አንዱ ብቻ «ይቺ ደግሞ ማናት?» ብሎ ስፓም ቢጫን ያንን አለፍሽ ማለት ነው። የእጅ ጽሑፉም አለ፤ 1 ይሁን ኤል፣ ዜሮ ይሁን ኦ የማይለይ ስንት አለ! የተሳሳተ አድራሻ ተመላሽ ይሆናል፤ ተመላሽ ሲበዛ የምትልኪበት አገልግሎት አካውንትሽን ያግዳል።

ስለዚህ ከራስሽ ጂሜይል በቀን አሥር አሥር ሰው እያደረግሽ፣ ለእያንዳንዱ በስሙ ጻፊ። የገዛውን ሥዕል አስታውሺው፣ የኪት መመዝገቢያ ሊንክሽን ስጪውና «በወር አንዴ ልጻፍልህ?» በይው። ግማሹ ዝም ይልሻል፤ አትዘኚ፣ የተመዘገበው ደብዳቤሽን ይከፍታል። አዲስ ለሚመጡት ደግሞ የመመዝገቢያውን ኪውአር ኮድ አትመሽ ከሥዕሎችሽ አጠገብ ለጥፊ፤ ጀልባው እስኪነሳ በስልካቸው ራሳቸው ይጻፉ።