ውሃ ሄዶ ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚበላሸው፦ የጎንደር አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከጎንደር የደረሱኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስቤ አነበብኳቸው። ሻወር፣ ቦይለር፣ የቆጣሪ ሂሳብ፣ ሽታ፤ ሁሉም ለየብቻው የመጣ ችግር ይመስላል። የአብዛኛው ምክንያት ግን አንድ ነው። ውሃው በፈረቃ ይመጣል፣ የምንገዛው ዕቃ ደግሞ መስመሩ ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ አለ ተብሎ የተሰራ ነው። ውሃው ሲሄድ አየር ይገባል፣ ደለል ይቀመጣል፣ ጎማው ይደርቃል። ሲመጣ ደግሞ ያንን ሁሉ እየገፋ ይመጣል። ስለዚህ ጎንደር ላይ ቧንቧ ስንዘረጋም ሆነ ስንጠግን ውሃው እንደሚሄድ አስበን መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። 1,000 ሊትር ሮቶ ገዝተን ከጣሪያው ትንሽ ከፍ ባለ የብረት ስታንድ ላይ አስቀምጠናል። የግቢው ቧንቧ ደህና ይወርዳል፣ ሻወሩ ግን ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም። ቧንቧ ሰራተኛ ጠርተን "ፓምፕ ግዙ" አለን። ባለቤቴ ደግሞ ስታንዱን በእንጨት እናስረዝመው ይላል። ምን ይሻላል? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ፓምፑን ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሜትር ያዙና ሮቶው ውስጥ ካለው ውሃ እስከ ሻወሩ ጭንቅላት ድረስ ያለውን ቁመት ለኩ። ግፊት የሚሰጣችሁ ይህ ቁመት ነው። የሮቶው ትልቅነት ምንም አይጨምርም፤ 1,000 ሊትርም ሆነ 5,000 ሊትር፣ የውሃው ከፍታ እኩል ከሆነ ግፊቱም እኩል ነው። 1 ሜትር ቁመት 0.1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል። የግቢው ቧንቧ ከመሬት ብዙም ከፍ ስለማይል ከሮቶው 3 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፣ ሻወሩ ግን ወደ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚሰቀል የሚተርፈው ቁመት ከ1 ሜትር ብዙ አይዘልም። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የሚያማምሩ የሻወር ጭንቅላቶች ደግሞ ለዚህ ዓይነት ደካማ ግፊት አልተሰሩም።

ከቀላሉ ጀምሩ። የሻወሩን ጭንቅላት ፍቱና ያለ እሱ ውሃውን ክፈቱ። ደህና ከወረደ ጥፋቱ ጭንቅላቱ ላይ ነው፣ ቀዳዳው በደለል ወይም በነጭ ድንጋይ ተደፍኗል ማለት ነው። አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩትና በድሮ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉት። ካልለቀቀ ሰፋፊ ቀዳዳ ያለውን ተራውን ጭንቅላት ግዙ፣ ለሮቶ ውሃ እሱ ይሻላል።

ጭንቅላቱ ተፈትቶም ውሃው ከደከመ ወደ መስመሩ ሂዱ። ከሮቶው እስከ መታጠቢያ ቤት የተዘረጋው ምንድን ነው? ፒፒአር በሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ የተጻፈው ቁጥር የውጪውን ስፋት ነው የሚነግረን። ባለ 20 ሚሊ የተባለው ወፍራም ፒፒአር ውስጡ 13 ሚሊ ገደማ ብቻ ነው። ከመንገድ በሚመጣ ጥሩ ግፊት አይታወቅም ይሆናል፣ ከሮቶ ሲሆን ግን ያንቃል። ከሮቶው የሚወርደውን ዋና መስመር ባለ 32 አድርጉት፣ ካልሆነም ከ25 አትውረዱ፤ ወደ 20 የምትቀንሱት መታጠቢያ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ኤልቦ (መታጠፊያው) በተቻለ መጠን ይቀንስ። ጌት ቫልቩም እስከ መጨረሻው መከፈቱን እዩ፤ በግማሽ ተከፍቶ የተረሳ ብዙ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው አየር ነው። ሮቶው ባዶ ሆኖ ሲሞላ መስመሩ ወጣ ገባ በሚልበት ቦታ አየር ታፍኖ ይቀራል፣ ደካማው ግፊት ደግሞ ገፍቶ ሊያስወጣው አይችልም። መፍትሄው ርካሽ ነው። ከሮቶው መውጫ ከጌት ቫልቩ በኋላ አንድ ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ) አስገቡና ከሱ ላይ ቀጭን ቧንቧ ወደ ላይ አቁሙ፣ ጫፉ ከሮቶው ክዳን ከፍ ብሎ ወደ ታች ይጠምዘዝ እንጂ አይደፈን። አየሩ በሱ ይወጣል። መስመሩም ከሮቶው ጀምሮ ወደ ታች እያዘቀዘቀ ይሂድ፣ መሃል ላይ ተመልሶ ሽቅብ አይውጣ።

የእንጨቱን ነገር ግን አደራ፣ ተዉት። 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን፣ ማለትም 10 ኩንታል ነው። በዚያ ላይ ነፋስ አለ፣ ክረምት እንጨቱን ያበሰብሰዋል፣ ምስጥም አለ፣ ከስሩ ደግሞ ልጆች ይጫወታሉ። ስታንዱን ማስረዘም ካስፈለገ በብረት፣ በብየዳ፣ እግሩ ኮንክሪት ላይ ቆሞ ይሁን። የጭቃ ቤት ጣሪያ ላይ ሮቶ ማሳረፍማ ጭራሽ አይታሰብም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልበቃ ያኔ ትንሽ ፓምፕ ግዙ። ግን ፓምፑ ከሮቶው ይሳብ። ከመንገድ መስመር በቀጥታ የሚስቡ ሰዎች አሉ፣ ይህ መጥፎ ስራ ነው። የጎረቤትን ድርሻ መውሰድ ብቻ አይደለም፤ መስመሩ ውስጥ ባዶነት ስለሚፈጠር በተሰነጠቀው ሁሉ ከመሬት ያለው ቆሻሻ ተስቦ ይገባል፣ እሱን ደግሞ እናንተም ጎረቤታችሁም ትጠጡታላችሁ።

ጥያቄ፦ ቦይለራችን ተቃጥሎ ሪዚስታንሱን (ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት) ቀየርን፣ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ተቃጠለ። ሻጩ "የመብራቱ ችግር ነው" ይላል። እውነት ነው? ሌላ ደግሞ ከስሩ ካለችው ትንሽ ቫልቭ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ልድፈነው? (ከማራኪ)

መልስ፦ የመብራት መውጣትና መውረድ ዕቃ ይጎዳል፣ እውነት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቅዎት ሌላ ነው፤ ውሃ ሲሄድ ቦይለሩን ያጠፉታል ወይ? ሪዚስታንሱ ውሃ ውስጥ ሆኖ እንዲሞቅ ነው የተሰራው። ታንከሩ ጎድሎ በአየር ላይ ከቀረ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። በደህናው ጊዜ ከመግቢያው ላይ ያለችው ቫልቭ ውሃው ወደኋላ እንዳይመለስ ትይዘዋለች፤ ያቺ ቫልቭ ካረጀች ወይም ሲገጠም ከተዘለለች ግን የመንገዱ ውሃ ሲሄድ የታንከሩም አብሮ ይወርዳል። እንግዲህ ልማድ ያድርጉት፦ ውሃ ሄደ ሲባል የቦይለሩን ብሬከር ያጥፉ። ሲመጣ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ይክፈቱ፣ መጀመሪያ አየር እያስነጠሰ ይወጣል። ሳይቆራረጥ መውረድ ሲጀምር ታንከሩ ሞልቷል፣ ያኔ ያብሩት።

የሚንጠባጠበውን ቫልቭ በምንም ምክንያት እንዳይደፍኑት። ውሃ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ የተረፈው መውጫ ይፈልጋል። 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 60 ዲግሪ ሲደርስ ከግማሽ ሊትር በላይ ይጨምራል። ያንን መውጫ የዘጋ ሰው ግድግዳው ላይ ፈንጂ ሰቅሏል። በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ ጠብ ጠብ ካለ ጤነኛ ነው፣ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ወደ ማፍሰሻው ይምሩት፣ ጫፉ ክፍት ይሁን። ቀኑን ሙሉ የሚፈስ ከሆነ ግን ቫልቩን በአዲስ ይቀይሩ። የመብራቱን ስራ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይተዉት፣ የመሬት ሽቦው መገናኘቱንም እንዲያይልዎ ይጠይቁት። ይህ በራስ የሚሞከር አይደለም።

ጥያቄ፦ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ቢጠመዘዝም ይንጠባጠባል። ራሴ ልሰራው እችላለሁ? (ከሳሙና በር)

መልስ፦ በደንብ ትችያለሽ እህቴ። ደግሞም ቶሎ ስሪው፣ በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ ማለት በቀን 20 ሊትር ገደማ ነው፣ ያ ሙሉ ጀሪካን ነው።

መጀመሪያ የመስመሩን ጌት ቫልቭ ዝጊና ቧንቧውን ከፍተሽ ውስጡ የቀረውን አፍስሺ። የላቫንዲኖውን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኚው፣ ብሎን ከገባ አይወጣም። ብዙ ጊዜ እየተጠመዘዘ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ እጀታውን በካቻቢቴ ፍቺ፣ አንገቱን በመፍቻ አዙሪው፣ ከጫፉ ላይ ክብ ጎማ ታገኛለሽ። ተበልታለች ወይም ደርቃለች። እሷን ይዘሽ ሱቅ ሂጂ፣ በቃል ከገለጽሽላቸው ሌላ መጠን ሰጥተውሽ ትመለሻለሽ። ወደ ላይ ወደ ታች የሚል እጀታ ያለው ዘመናዊ ከሆነ ግን ውስጡ ጎማ ሳይሆን ሴራሚክ ያለበት ካርትሬጅ ነው፣ እሱ እንዳለ ይቀየራል።

እነዚህን ሴራሚኮች የሚፍቃቸው ከፈረቃው በኋላ የሚመጣው አሸዋ ነው። ስለዚህ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚከፈተው ለቆጣሪው ቅርብ የሆነው የግቢው ቧንቧ ይሁን። አየሩም ደለሉም በሱ ይውጣ፣ የቤቱ ጌት ቫልቭ ከዚያ በኋላ ይከፈት። የወጣው ድፍርስ አይደፋም፣ ባልዲ ውስጥ አጠራቅሚውና ለሽንት ቤት ይሆናል። ስትገጥሚ ቴፍሎን ካስፈለገ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠምጥሚው፣ በተቃራኒው ከሆነ ስታዞሪው ይፈታል።

ጥያቄ፦ የውሃ ሂሳባችን በአንዴ እጥፍ ሆነ። የተለወጠ ነገር የለም። ቆጣሪው ነው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ከቆጣሪው ጋር ከመጣላታችሁ በፊት ውሃ ባለበት ቀን ሁሉንም ቧንቧ ዝጉ፣ የሮቶውን መግቢያም ጭምር፣ ከዚያ ቆጣሪውን አንብቡና አንድ ሰዓት ማንም ምንም ሳይነካ ቆዩ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ቤታችሁ ውስጥ የሚፈስ አለ።

እኔ ሁለት ቦታ እጠረጥራለሁ። አንደኛው ሮቶው ነው፤ በፈተናው ጊዜ መግቢያው ስለተዘጋ ቁጥሩ ባይንቀሳቀስም እሱን እዩት። ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ፍሎተር ሲበላሽ፣ ውሃው የሚመጣው ደግሞ ሌሊት ስለሆነ ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ ማንም አያይም፣ ጠዋት ግቢው እርጥብ ቢሆን ጤዛ ነው ተብሎ ይታለፋል። ውሃ በመጣበት ሌሊት አንድ ሰው ወጥቶ ይይ። ሁለተኛው የሽንት ቤቱ ሳጥን ነው። ከጀበና የተረፈ የቀዘቀዘ ቡና አጥልላችሁ ሳጥኑ ውስጥ ጨምሩና ሳትለቁት ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከጠቆረ የሳጥኑ ጎማ ያፈሳል። ይህ ጎማ ርካሽ ነው፣ በእጅ ይቀየራል።

ሁለቱም ደህና ከሆኑና ቁጥሩ አሁንም ከሄደ ከመሬት ስር የፈሰሰ ነው፣ ያኔ ባለሙያ ጥሩ። ውሃ ሲመለስ ቀድሞ የሚወጣው አየር ቆጣሪ ማዞሩ እውነት ነው፣ ግን ሂሳብ እጥፍ ያደርጋል ብዬ አላምንም።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት ቀይ ውሃ ይወርዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ይጠራል። (ከአራዳ)

መልስ፦ ትንሽ ቆይቶ ከጠራ የራሳችሁ ያረጀ የብረት ቧንቧ ዝገት ነው። ሌሊት ቆሞ ያደረውን በባልዲ ያዙና ለጽዳት አውሉት። ቀስ በቀስ ወደ ፒፒአር ቀይሩት፣ ከወጥ ቤቱ ጀምሩ። ቀኑን ሙሉ ከደፈረሰ ግን ከመስመሩ ነው፣ ጎረቤት ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለዓመት በዓል ገጠር ቆይተን ስንመለስ መታጠቢያ ቤቱ ይከረፋል። በረኪና ደፋሁበት፣ አልለቀቀም። አንድ ሰው አሲድ ጨምርበት ብሎኛል። (ከማራኪ)

መልስ፦ እባክህ እንዳታደርገው። በረኪና ባለበት አሲድ ከገባ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። የደፋኸውን በረኪና መጀመሪያ በብዙ ውሃ እጠበው፣ መስኮቱንም ክፈት።

ሽታው የመጣው ከቆሻሻ አይመስለኝም። ወለሉ ላይ ካለው ማፍሰሻ ስርና ከላቫንዲኖው ስር ያለው ጠማማው ቧንቧ፣ ሲፎኑ፣ ሁልጊዜ ውሃ መያዝ አለበት። ያ ውሃ ነው የሴፕቲክ ታንኩን ጋዝ የሚያግደው። ቤቱ ተዘግቶ ሲሰነብት ውሃው ይተናል፣ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። በየማፍሰሻው አንድ ጆግ ውሃ ጨምርበት፣ ብዙውን ጊዜ በዚሁ ይቆማል። ወደፊት ስትሄድ ውሃውን ከጨመርክ በኋላ ላዩ ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርግበት፣ ቶሎ አይተንም። ውሃ ጨምረህም ከሸተተ ሲፎን ሳይገጠም የተለሰነ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሴራሚኩን ማንሳት ግድ ነው፣ ሌላ አቋራጭ የለውም።

ጥያቄ፦ ክረምት ከቆርቆሮው የሚወርደውን ውሃ ማጠራቀም ዋጋ አለው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ እንዴት አይኖረውም! በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። ጣሪያችሁ 60 ካሬ ቢሆንና 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 600 ሊትር ነው፣ የሚረጨውና የሚፈሰው ሲቀነስ 500 ገደማ ይደርሳችኋል። ያንን ለልብስ፣ ለሽንት ቤት፣ ለጓሮ አውሉት፣ የመጠጡን የቧንቧ ውሃ ያተርፍላችኋል። የመጀመሪያው ዝናብ የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ እሱን ወደ ውጪ ልቀቁት። በርሜሉ ክዳን ይኑረው፣ ልጅ እንዳይገባበትም ትንኝ እንዳይፈለፈልበትም። አሸንዳው ወደ በርሜሉ ትንሽ ያዘቅዝቅ፣ በየ1 ሜትሩ ግማሽ ሳንቲም ይበቃል። ስራውን ግንቦት ላይ ጨርሱት፣ ሰኔ ከገባ ጣሪያ ላይ መውጣት ያንሸራትታል።