«ጥፋተኛን ተከላክዬ ማታ ምን ብዬ እተኛለሁ?»

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የአምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነው። ደብዳቤዋ ረጅም ስለሆነ አሳጥሬ ላቅርበው።

«ባትልስታር ጋላክቲካ የሚባለውን የአሜሪካ የሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ ፊልም ጨረስኩት። ሮሞ ላምፕኪን የሚባለው ጠበቃ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሁሉም ሰው እንዲሞት የሚፈልገውን ሰው ብቻውን ቆሞ ሲከራከርለት ሳይ፣ ‹እኔም መሆን የምፈልገው ይህንን ነው› አልኩ። ለአባቴ ብነግረው ‹የሌባና የነፍሰ ገዳይ ጠበቃ እንድትሆኚ ነው ያስተማርኩሽ?› ብሎ አኮረፈኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም እፈራለሁ። ጥፋተኛ መሆኑን የማውቀውን ሰው ተከላክዬ ማታ ምን ብዬ እተኛለሁ? አጎቴ ደግሞ አንድ ባንክ ውስጥ በነገረ ፈጅነት እንድገባ ነገሩን እየጨረሰልኝ ነው። ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ከእኔ በታች ሁለት ታናናሾች አሉ። በዚያ ላይ ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጣል። ውጤቴም መካከለኛ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ብዙ ነገር ጠይቀሽኛል። አብዛኛውን መጨረሻ ላይ በአጭሩ እመልሰዋለሁ። አንዱን ግን በአጭሩ ማለፍ አልችልም። ወደ ማማከር ሥራ ከመግባቴ በፊት ለዓመታት ተከላካይ ጠበቃ ነበርኩ። «ጥፋተኛ መሆኑን እያወቁ እንዴት ይከራከሩለታል?» የሚለው ጥያቄ ለቅሶ ቤት እንኳ አልተወኝም። ስለዚህ ታገሽኝ፣ እዚህ ላይ ረዘም አደርገዋለሁ።

ፊልሙን ላላዩት ነገሩ እንዲህ ነው። ሳይሎን የሚባሉ ሰው ሠራሽ ፍጡራን የሰውን ዘር ሊያጠፉት ደርሰዋል። የተረፈው ሕዝብ በመርከቦች ጠፈር ላይ ይሰደዳል። ጋይየስ ባልታር ፕሬዚዳንት ሆኖ ሕዝቡን ኒው ካፕሪካ የምትባል ፕላኔት ላይ ያሰፍራል። ሳይሎኖቹ ሲመጡ እጁን ይሰጣል፤ በእሱ ስም ብዙ ሰው ይታሰራል፣ ይገደላል። ሕዝቡ ነጻ ከወጣ በኋላ ባልታር ተይዞ በአገር ክህደት ይከሰሳል። የመጀመሪያው ጠበቃው በቦምብ ይገደላል። በእሱ ቦታ የሚመጣው ጥቁር መነጽር የማያወልቀው ላምፕኪን ነው። ችሎቱ በቴሌቪዥን የታየው በሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2007 ነበር።

አንቺ ያደነቅሽው የላምፕኪንን ድፍረት ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ ችሎት አንዲት ሌላ ቦታ ላሳይሽ። የባልታር ረዳት የነበረው ፊሊክስ ጌይታ ለዓቃቤ ሕግ ይመሰክራል። ባልታር ሰዎች እንዲገደሉ የሚያዝዘውን ወረቀት ማንም ሳያስገድደው እንደፈረመ ይናገራል። ወደ ኋላ ተመልሰሽ አስታውሺ። ባልታር ሲፈርም አንቺ አይተሻል። ጭንቅላቱ ላይ ሽጉጥ ተደቅኖበት ነበር። አልፈርምም ሲል ሳይሎኖቹ አጠገቡ የነበረችውን ሴት በጥይት መቷት፣ ከዚያ ሽጉጡን ወደ እሱ አዞሩት።

እስቲ አስቢው። ባልታር ደካማ ሰው ነው፣ ራስ ወዳድ ነው፣ ብዙ በደል አለበት። ተመልካቹ ይጠላዋል፣ እኔም አልወደውም። የዚያን ቀን ግን ችሎት ላይ የተነገረበት ነገር ውሸት ነበር። ውሸታሙም እንደ ጀግና የሚታይ ሰው ነበር። አዳራሹ ውስጥ ያንን ቃል ለመጠራጠር ሥልጣንም ግዴታም ያለው ማን ነበር? ዳኞቹ ማስረጃ ነው የሚጠብቁት። ዓቃቤ ሕጓ ምስክሩን የጠራችው እሷ ናት። ሕዝቡ ፍርዱን ልቡ ውስጥ ጨርሷል። የቀረው ጠበቃው ብቻ ነው።

ጥያቄሽን የምመልስልሽ በዚህ ነው። ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ብለሽ ብታምኚም፣ የቀረበበት ማስረጃ ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። ምስክር ይሳሳታል፣ ቂም ይይዛል፣ ፈርቶም ይዋሻል። መርማሪ ይቸኩላል። ሥራሽ የቀረበውን ማስረጃ አንድ በአንድ መፈተን ነው። ሰውየው የሠራውን ሥራ ማጽደቅ ማንም አልጠየቀሽም።

ይህ የጠፈር ታሪክ ብቻ እንዳይመስልሽ። ኅዳር 1967 ደርግ ስድሳ የሚሆኑ ሰዎችን፣ አብዛኞቹ የንጉሡ ዘመን ባለሥልጣናት፣ በአንድ ሌሊት ረሸነ። ክስ የለ፣ ምስክር የለ፣ ጠበቃ የለ፣ ይግባኝ የለ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 1987፣ ራሳቸው የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ቀረቡ። ጠበቃ የማቆም አቅም ለሌላቸው መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ አቆመላቸው። ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ባሉበት አገር፣ የእነዚያ ሰዎች ጠበቃ ተነስቶ ምስክር ይጠይቅ ነበር። የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰጠው ከ12 ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 1999 ነው። በፈረንጆቹ ብታሰሊው የላምፕኪን ችሎት በቴሌቪዥን ከመታየቱ ሦስት ወር ገደማ በፊት መሆኑ ነው። እነዚያ ጠበቆች ቀይ ሽብርን ደግፈው አልነበረም የቆሙት። እነሱ ባይቆሙ ግን ያ ችሎት ከኅዳር 1967ቱ ሌሊት በምን ይለይ ነበር?

ሕገ መንግሥታችንም አንቀጽ 20 ላይ ጽፎታል። የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል። ጠበቃ ማቆም የማይችልና ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ያገኛል። የሕግ ተማሪ ነሽና ታውቂዋለሽ። አባትሽ ግን ላያውቁት ይችላሉ፤ አንብቢላቸው።

የእኔ ጉዳዮች እንደ ባልታር ትልቅ አልነበሩም። አብዛኞቹ ተራ ስርቆት፣ ተራ ድብድብ ናቸው። አንዱን ልንገርሽ። አንድ ወጣት በሁለት ክስ ቀረበ፤ ሁለቱም ስልክ ነጠቃ ነው። ያገኘሁት የችሎቱ በር ላይ፣ ፖሊስ አጠገቡ ቆሞ ነው። አንደኛውን አምኖልኛል። «ሁለተኛውን ግን አላደረግኩም» አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አላመንኩትም። መዝገቡን ሳገላብጥ ግን በሁለተኛው ክስ ላይ የተጻፈው ስልክ ሳምሰንግ ነው፣ በኤግዚቢት መመዝገቢያው ላይ ያለው ደግሞ ቴክኖ ነው። በመስቀለኛ ጥያቄ የግል ተበዳይዋን ስልኳ ምን ዓይነት እንደነበር ጠየቅኋት። «ሳምሰንግ፣ ጀርባው የተሰነጠቀ» አለች። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጀርባው ደህና ነበር። በዚያኛው ክስ መከላከል ሳያስፈልገው ነጻ ተባለ። በመጀመሪያው ተፈረደበት፣ የቅጣት ማቅለያ አቀረብኩለት፣ ታሰረ። ማታ ምን ብዬ ተኛሁ? ሰውየው በሠራው ልክ ተቀጣ፣ ባልሠራው አልተቀጣም። ደህና እንቅልፍ ነው የተኛሁት።

«ተከሳሹ ራሱ አጥፍቻለሁ ብሎ ቢነግረኝስ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ያኔ ውሸት መሆኑን የምታውቂውን የመከላከያ ምስክር አታቀርቢም። አለቀ፣ ድርድር የለውም። ምስጢሩንም አታወጪበትም። የዓቃቤ ሕግ ማስረጃ በሕጉ መሠረት የተሰበሰበ መሆኑን ግን ትጠይቂያለሽ። የክሱ አንቀጽ ከድርጊቱ ጋር መግጠሙን ታያለሽ። ቅጣቱ እንዲቀል የሚያደርግ ነገር ካለ ታቀርቢያለሽ። በሥራዬ ዘመን ትልቁ ጥቅም የተገኘው እዚህ ላይ ነው። በግድያ ሙከራ መከሰስና በአካል ጉዳት መከሰስ መካከል ያለው ልዩነት የአንድን ሰው ዕድሜ የሚወስን ነው።

አሁን ስለ ላምፕኪን ጠንከር ያለ ቃል ልናገር። በእሱ መማረክሽን ወድጄዋለሁ፣ እንድትመስዪው ግን አልፈልግም። ሰውየው የሰው ዕቃ ይሰርቃል። የሠራዊቱን አዛዥ የአድሚራል አዳማን የልብስ ቁልፍ ሳይቀር ወስዷል። የባልታርን እስክሪብቶ የፍቅር ስጦታ አስመስሎ ለታሰረችው የባልታር ፍቅረኛ ይሰጣል፣ ልቧን ለማግኘት። ችሎቱ ሲያልቅ ደግሞ ሲያነክስበት የነበረውን ምርኩዝ ጥሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በፊልም ያምራል። እውነተኛ ችሎት ላይ አንድ ጊዜ እንዲህ ብታደርጊ ዳኛው ቀጣዩን ደንበኛሽንም አያምንልሽም፣ ዋጋውን የሚከፍለውም እሱ ነው።

ደግሞ ልብ በዪ፣ ባልታርን ነጻ ያወጣው የላምፕኪን ተንኮል አልነበረም። የአድሚራሉ ልጅ ሊ አዳማ ምስክር ሆኖ ቆሞ የተናገረው ነው፦ ሌላው ሁሉ በደል ይቅር ተብሎ ሳለ ሁሉን ነገር በአንድ ሰው ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም አለ። ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ ነጻ አሉት። ከሦስቱ አንዱ ባልታርን ከማንም በላይ የሚጠላው አድሚራል አዳማ ነበር። እኔ በዚያ ፊልም ውስጥ የማደንቀው ይህንን ዳኛ ነው።

ወደ አባትሽ ልምጣ። አከብራቸዋለሁ፤ አምስት ዓመት ያስተማሩሽ እሳቸው ናቸው። እዚህ ላይ ግን ተሳስተዋል፣ አንቺም ዝም ብለሽ መቀበል የለብሽም። የባንክ ነገረ ፈጅ ብድር ያልመለሰ ሰው ቤት በሐራጅ ሲያሸጥ «የአራጣ ጠበቃ» አይሉሽም። ሥራው ሕጋዊ ነው፣ ያሸጠው ቤት ውስጥ ግን ልጆች አሉ። ታዲያ ነውሩ የደሃ ጠበቃ መሆን ላይ ብቻ ለምን ይቀመጣል? ደግሞ የሰፈራችሁ ልጅ በተሳሳተ ጥቆማ ቢያዝ፣ ወላጆቹ መጀመሪያ የሚያንኳኩት የእናንተን በር ነው። «ልጅሽ ሕግ ተምራ የለ?» ብለው። ይህን ንገሪያቸው። ኩርፊያው ይረዝም ይሆናል፣ ይረዝም።

ገንዘቡን በተመለከተም አላባብልሽም። የተከላካይ ጠበቃ ደመወዝ የመንግሥት ደመወዝ ነው፣ ከባንኩ ያንሳል። ታናናሾችሽን ማገዝ ተገቢ ነው። ማሳደግ ግን የወላጆችሽ ኃላፊነት ነው፤ በመጀመሪያ ደመወዝሽ የቤቱ ምሰሶ ልትሆኚ አይገባም። በወር ምን ያህል እንደምትሰጪ ወስነሽ ቁጥሩን ከአሁኑ ተናገሪ። ቁጥር ካልተነገረ ጥያቄው ማለቂያ የለውም። የባንኩ ሥራ መጥፎ አይደለም፣ ግን እዚያ የምትማሪው ውል፣ መያዣና ብድር ማስመለስ ነው። «ሦስት ዓመት ሠርቼ እወጣለሁ» ብለው የገቡ ብዙ ጓደኞቼ እዚያው ቀርተዋል። ኑሯቸው ደህና ነው። ወንጀል ችሎት ግን ከተመረቁ ወዲህ አልቆሙም።

ስለ ድምፅሽ አትጨነቂ። እኛ ጋ ሸንጎ የሚያስለቅስ ንግግር አያስፈልግም። የክስ መቃወሚያው፣ የመከላከያ ማስረጃ ዝርዝሩ፣ ብዙ ጊዜም የክርክር ማቆሚያው በጽሑፍ ነው የሚገባው። መስቀለኛ ጥያቄ አጭር ሲሆን ነው የሚጠቅመው፣ እሱን ደግሞ በምስለ ችሎት ትለማመጃለሽ። መካከለኛ ውጤትም በር አይዘጋብሽም፤ አሁን ትኩረትሽ የመውጫ ፈተናው ላይ ይሁን። የጥብቅና ፈቃድ ከዲግሪው ጋር አብሮ እንደማይመጣም አትርሺ። የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ሆነሽ ብትጀምሪ ግን የችሎት ልምዱን እዚያው ታገኚዋለሽ።

ከመወሰንሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። ከዩኒቨርሲቲሽ የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከል ሄደሽ ተመዝገቢ፤ ከሌለም መምህራንሽን ጠይቂ። ከዚያ ልደታ ከሚገኘው ፍርድ ቤት ወንጀል ችሎት ገብተሽ ተቀመጪ። ችሎት ለሁሉም ክፍት ነው። ስሙ በጋዜጣ የወጣ ትልቅ ጉዳይ አትምረጪ፤ ምስክር የሚሰማበት ተራ የስርቆት መዝገብ ይሁን። ተከላካይ ጠበቃዋን ተከታተያት። ከደንበኛዋ ጋር ስንት ደቂቃ እንዳወራች፣ ምን እንደጠየቀች፣ ምን ሳትጠይቅ እንዳለፈች ጻፊ። በሌላ ቀን ደግመሽ ሂጂ። ከችሎቱ ስትወጪ እሷ ባልጠየቀችው ጥያቄ እየተብሰለሰልሽ ከሆነ የባንኩን ነገር ተይው። ሰለቸኝ ካልሽም ባንኩ ይጠብቅሻል፣ ምንም አታፍሪ። እስከዚያ ድረስ ግን አጎትሽ ምንም ነገር እንዳይጨርሱ ንገሪያቸው።