ለተቀያሪው ልጅ አንድ ቃል

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ቅዳሜ ከሰዓት ሜዳው ዳር ተቀምጬ ስትጨቃጨቁ ሰማኋችሁ። የጦሳ ተራራ ነፋስ ግማሹን ቢወስድብኝም የክርክሩ ነገር ገብቶኛል፤ የቅርጫት ኳስ ቡድናችሁ ሁለተኛ ፖይንት ጋርድ፣ ማለትም ዋናውን ኳስ አሻጋሪ የሚቀይረው ልጅ፣ ይረባል አይረባም ነው። አንዳችሁ "እሱ ሲገባ ጨዋታው ይሞታል" አለ። ሌላው "እሱ ባይኖር ኳሷን ማን ያሻግርልን ነበር?" ብሎ መለሰ። ልጁ ራሱ ከናንተ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ነበር። ሰምቷችኋል።

እዚሁ ደሴ የስፖርት መምህር ሆኜ ስላረጀሁ እኔም ልግባበት።

ልጁን የምትመዝኑት በዋናው ልጅ ሚዛን ነው፤ ስንት አገባ፣ ስንቱን አታሎ አለፈ እያላችሁ። ቡና ላይ ቶናውን "አቦል አይደለህም" ብሎ የሚጣላ ሰው እስካሁን አላየሁም። ተቀያሪ የሚገባው ዋናው ሲደክም ወይ ፋውል ሲበዛበት ነው። ሲገባ ውጤቱ ስንት ነበር? ሲወጣስ? 6 ነጥብ እየመራችሁ ገብቶ 6 እየመራችሁ ከወጣ አንድም ሳያገባ ሥራውን ሠርቷል። ደብተር ያዙና ጻፉት፣ ያኔ ክርክሩ ያጥራል።

ቀርፋፋ ነው ላላችሁት ደግሞ ቅዳሜ በሰዓቴ ያዝኩት። ግማሽ ሜዳውን ለማለፍ 8 ሰከንድ አለው፣ እሱ ግን 5 ሳይሞላ ነው የሚያልፈው። ጉድለቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ገና የሚያቀብለውን ሳያይ ድሪብሉን፣ ኳሷን ማንጠሩን፣ አቁሞ ኳሷን በሁለት እጁ ይይዛል። ተከላካዩ ይህን ሲያይ ተጠግቶ ይለጠፍበታል። ይህ ጥፋቱ ነው፣ አልሸፍንለትም። ግን እናንተስ? ቆማችሁ እጅ ታነሳላችሁ! ማን ሮጦ ክፍት ቦታ ሰጠው?

የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤን ስለምትከታተሉ ቲ.ጄ. ማኮኔልን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ድራፍት፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ጊዜ፣ ማንም አልመረጠውም፤ ቁመቱም 1.85 ሜትር ነው፣ ለዚያ ሜዳ አጭር። በ2025ቱ ፍጻሜ 3ኛ ጨዋታ ኢንዲያና ፔሰርስ ኦክላሆማ ሲቲን 116 ለ 107 ሲያሸንፍ ከቤንች ተነስቶ 15 ደቂቃ ተጫወተ። 10 ነጥብ፣ 5 አሲስት (ለጓደኛ አቀብሎ ያስገባቸው ኳሶች)፣ 5 የነጠቃቸው ኳሶች። ተጋጣሚ ከመስመር ውጭ ኳስ ሲያስገባ ተዘናግቶ የሚሰጣትን ፓስ እንደ ድመት አድብቶ ነው የሚወስዳት። "ታዲያ ለምን 35 ደቂቃ አይጫወትም?" የሚል አይጠፋም። እኔ አልሰማማም። ሦስት ነጥብ ብዙ አይሞክርም፤ ጨዋታው ሲረዝም ተከላካይ ርቆ ይጠብቀዋል። ያ ሁሉ ሩጫም ለአጭር ጊዜ የተቆጠበ ጉልበት ነው። ፔሰርስ ዋንጫውን በ7ኛው ጨዋታ አጡ፣ የሱ 15 ደቂቃ ግን አይረሳም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ኮምቦልቻ ወርደን ነበር። ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ቅዝቃዜ የለመዱ ልጆቼን ሙቀቱ አዛላቸው። ዋናው ፖይንት ጋርዴ በሦስተኛው ኳርተር 4ኛ ፋውል ሞላበት። ተቀያሪውን ትከሻውን ይዤ "እንደሱ ተጫወት" አልኩት። ያኛው እንደ ጥይት የሚሮጥ ነው። ይሄኛው ዝቅ ብሎ፣ ሰውነቱን ከኳሷ ፊት አድርጎ፣ ረጋ ብሎ የሚጫወት ልጅ ነበር። እንዳልኩት ሮጠ፤ በሁለት ደቂቃ ሦስት ኳስ ተነጠቀ። አስወጣሁትና ሰው ፊት ጮህኩበት። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ አንድ ቃል ሳይናገር ደሴ ገባን። በሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ ቀረ፣ በዚያው ቀረ። ጥፋቱ የኔ እንደነበር ሄጄ አልነገርኩትም።

አንተ ክር አሳሪው፣ ቤንች ላይ ስትቀመጥ ውጤት አትቁጠር። የተጋጣሚህን ኳስ አቀባይ እጅ እይ፤ ወደ የትኛው ጎን መሄድ እንደሚጠላ በአንድ ኳርተር ይገባሃል። ስትገባ የመጀመሪያዋን ኳስ ቀላል ፓስ አድርጋት።

ማክሰኞ 11 ሰዓት ድሪብሉን ሳያቆም ማቀበልን እናለማምደዋለን። እናንተ ሁለታችሁ ተከራካሪዎች ተከላካይ ትሆናላችሁ፤ ጃኬት ያዙ፣ በዚያ ሰዓት ሜዳው ይበርዳል።