የእናትሽ ድምፅ እያለ ተዋናይ አትፈልጊ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼው ነበር፣ ዛሬ ነው ቁጭ ብዬ ለመጻፍ ጊዜ ያገኘሁት። እናትሽ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ለአያትሽ ቀድታ የላከችው አንድ ካሴት አለሽ፣ ጥቂት ፎቶዎች አሉሽ፣ ሌላ ምንም የለም። ከዚህ አጭር ፊልም መሥራት ፈልገሻል። የጠየቅሽው፣ ተዋናይት ፈልጌ ያንን ጊዜ እንደገና ልቅረጸው ወይ? ደግሞስ ምን ምን ልይ? ነው።

አትቅረጪው። ገንዘብ ቢኖርሽም አትቅረጪው። ተዋናይቷ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን ተመልካቹ የሚያየው እሷን ነው፣ ልብሱ የዛን ጊዜ ነው አይደለም፣ ክፍሉ ጅዳን ይመስላል አይመስልም ሲል እናትሽ ከገዛ ፊልሟ ትወጣለች። አንቺ ጋ የተረፈው ድምፅ ነው፣ የጠፋው ምስሉ ነው። መጥፋቱም ይታይ። ስለ ትዝታ የተሠሩ ጥሩ አጫጭር ፊልሞች ጉልበታቸው እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉም በፊት የሞና ሃቱምን «ሜዠርስ ኦፍ ዲስታንስ» ፈልገሽ እዪ። እ.ኤ.አ. በ1988 የተሠራ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ 15 ደቂቃ ገደማ የሚሆን ቪዲዮ ነው። ሃቱም ቤይሩት የተወለደች ፍልስጤማዊት ናት። ለንደን ሄዳ ሳለ የሊባኖስ ጦርነት ፈነዳና እዛው ቀረች። ቪዲዮው ላይ እናቷ የጻፈችላትን ደብዳቤዎች በእንግሊዝኛ ታነባለች፣ ከስር ደግሞ እናትና ልጅ በዓረብኛ ሲያወሩና ሲስቁ ይሰማል። ምስሉ እናቷ ገላዋን ስትታጠብ የተነሣቻቸው ፎቶዎች ናቸው። ግን እንደልብሽ አታያትም፣ የደብዳቤው የዓረብኛ እጅ ጽሑፍ እንደ መጋረጃ ላይዋ ላይ ተዘርግቷል። እናትየውን የሚያቀርብልሽም የሚጋርድብሽም ያው ደብዳቤ ነው። ላንቺ ታሪክ ከዚህ የቀረበ ሥራ አላውቅም።

በፎቶ ብቻ ፊልም ይሆናል ወይ ብለሽ ከሰጋሽ የክሪስ ማርከርን «ላ ዠቴ» እዪ። 1962፣ 28 ደቂቃ። ከሞላ ጎደል ሙሉው በፎቶ የተሠራ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተኛች ሴት ዓይኗን ስትገልጥ ምስሉ ይንቀሳቀሳል፣ ለጥቂት ሰከንድ። ስንት ጊዜ አይቼው አሁንም ያስደነግጠኛል። እንደዛ የሚሆነው ከዚያ በፊት ሁሉም ነገር ስለቆመ ነው። ስለዚህ እባክሽ፣ ፎቶውን ሁሉ በሶፍትዌር ዙም አታድርጊው። ዝም ብሎ ይቀመጥ፣ ተመልካቹ ራሱ ይፈልግበት።

የሆሊስ ፍራምፕተን የ1971 ሥራም አለ፣ «ኖስታልጂያ»። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ያቃጥላል። ድምፁ ግን የሚያወራው እየተቃጠለ ስላለው ፎቶ ሳይሆን ቀጥሎ ስለሚመጣው ነው። የሰማሽውን እያስታወስሽ ሌላ ነገር ሲያር ታያለሽ። ከዚህ የምትወስጂው ድምፅና ምስል አንድ ነገር መናገር እንደሌለባቸው ነው። እናትሽ «ደህና ነኝ» ስትል የእናትሽን ፎቶ አታምጪ። የአያትሽን ባዶ ጓሮ አሳዪን።

ለመጀመሪያው መልሴ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ፣ ካልነገርኩሽ ልክ አይሆንም። ሬያ ታጂሪ በ«ሂስትሪ ኤንድ ሜሞሪ» (1991፣ 32 ደቂቃ) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ውስጥ በካምፕ የታጎሩትን ጃፓናውያን አሜሪካውያን ታነሣለች። እናቷ እዛ ነበረች፣ ግን አብዛኛውን ረስታዋለች። ልጅቷ አንድ ምስል ብቻ ነው ያላት፣ እናቷ በረሃ ውስጥ ኮዳ ውኃ ስትሞላ። እሱን ምስል ራሷ እናቷን ሆና ቀረጸችው። ተዋናይ አልቀጠረችም፣ ሙሉ ታሪክም አልፈጠረችም። አንቺም የራስሽን እጅ ብትቀርጪ አልቃወምም። ከእኛ ደግሞ የሳሌም መኩሪያን «የወንዝ ማዕበል» እዪ። ረዘም ያለ ነው፣ ግን በአብዮቱ ዘመን የጠፋ ወንድምና የተገደለች ጓደኛን እንዴት እንዳስታወሰች ማየት ያስፈልግሻል።

አሁን ወደ ካሴቱ። ከማጫወትሽ በፊት ጠርዙ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሪያቸው፣ አለዚያ አንድ ቁልፍ ተነክቶ ላዩ ላይ ይቀዳበታል። ክሩ ከላላ እንደ ድሮው በቢክ አጠንጥኚው። ሻጋታ ካየሽ ጨርሶ እንዳታጫውቺው። ደህና ከሆነ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በኬብል ወደ ኮምፒውተር አስገቢና ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዌቭ (WAV) ፎርማት፣ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ቅጂው። ኦሪጅናሉን ፋይል ሁለት ቦታ አስቀምጪ፣ አትንኪው። ሌላኛውን ገጽም ሳትሰሚ አትለፊ፣ ባዶ ነው ቢሉሽም።

ይህን የምልሽ በምክንያት ነው። እኔ ፊልም የሠራሁት አጎቴ በደርግ ጊዜ ካርቱም ተሰዶ ሳለ ከቤት ጋር በተላላካቸው ካሴቶች ነው። ባንዱ ገጽ እሱ ያወራል፣ በሌላው አያቴ ትመልስና ያው ካሴት ተመልሶ ይሄዳል። የአያቴ ገጽ የሚጀምረው ከሰላምታው በፊት ነው። «ዝም በሉ፣ እየቀዳ ነው» የሚል ሰው አለ፣ ሙቀጫው አሁንም ይመታል፣ እሷ «ይሰማል ወይ?» ትላለች፣ አንዱ ልጅ «ተናገሪ እማማ» ይላታል። ከዛ ነው «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» የምትለው። ያን ሙቀጫ ኖይዝ (የሚረብሽ ድምፅ) ነው ብሎ የሚያጸዳ ሰው ቤቱን ነው የሚያጠፋው። ካሴቱ ራሱ ሽሽሽ የሚለውንም ድምፅ ተዪው።

ሰላምታውንም አትቁረጪ። እናትሽ ጎረቤቱን ሁሉ ስም በስም እየጠራች ሰላም ትል ይሆናል፣ ይረዝማል፣ ኤዲት ስታደርጊ እጅሽን ይበላሻል። ግን እነዚያ ስሞች በዚያን ዓመት ማን በሕይወት እንደነበረ፣ እሷስ ማንን በልቧ ይዛ እንደሄደች ይናገራሉ። ማንኛቸውም በሕይወት ካሉ ካሴቱን አሰሚያቸውና ሲሰሙ ቅረጺያቸው። አክስትሽ «እንዲህ አልነበረም» ካለች እሱንም ያዢው፣ የማን ልክ ነው ብለሽ አትፍረጂ። ፎቶዎቹንም ከጀርባቸው ጭምር በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አድርጊ፣ የፎቶ ቤቱ ማህተምና የእጅ ጽሑፉ ከፊቱ እኩል ይጠቅምሻል።

ርዝመቱ ከ12 ደቂቃ ባይበልጥ ደስ ይለኛል። ደግሞ ካሴት ላይ ለእናት ብቻ የተነገረ ነገር ይኖራል፣ ደመወዝ፣ ሕመም፣ የቤት ችግር። አያትሽ ወይም እናትሽ ካሉ ሳታስፈቅጂ ለሰው አታሳዪ። ክሩ ተጣብቆ ወይም ተበጥሶ ካገኘሽው በራስሽ ከመክፈትሽ በፊት ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።