የእጅ ጉልበት ስለ እግር አይናገርም

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። ዕድሜዬ 36 ነው። ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ፤ ጤነኛ ነኝ። ስፖርት ቤት በእጅ በሚጨመቀው መለኪያ ተለክቼ 48 ኪሎ ወጣልኝ። አሰልጣኙ «መላ ሰውነትህ ጠንካራ ነው» አለኝ። አንኮበር ቤተሰብ ጥየቃ ስሄድ ግን ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ኮረብታ ስወጣ ጭኔ ይዝላል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ጭንህን እመን፣ ወንድሜ። 48 ኪሎ ጥሩ ነው። የሚናገረው ግን ስለ እጅህና ስለ ክንድህ ነው።

መለኪያው ዳይናሞሜትር ይባላል። ያለ ምክንያት አልተወደደም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ በ17 አገሮች ወደ 140 ሺህ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት የመጨበጥ ኃይላቸው ያነሰ ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳይቷል። እኔም በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ለአረጋውያን እጠቀምበታለሁ። የአውሮፓ ባለሙያዎች ለድክመት ያስቀመጡት ወሰን ለወንድ ከ27፣ ለሴት ከ16 ኪሎ በታች ነው። አንተ ከዚያ በጣም ርቀሃል። ለዚህም ነው ቁጥሩ ብዙ የማይጠቅምህ፤ የተሠራው ደካማውን ለመለየት ነው። ሌላው የድክመት መለያ፣ ከወንበር አምስት ጊዜ መነሳትም፣ ላንተ ቀላል ነው።

ዳገት የሚያወጣህ የጭንና የመቀመጫ ጡንቻ ነው። ስለዚህ እሱን ለካ። ሌግ ፕረስ (ተቀምጠህ ክብደት በእግርህ የምትገፋበት ማሽን) ላይ ተቀመጥ። ሰውነትህን አሟሙቅ። ከ10 ጊዜ በላይ መግፋት የማትችለውን ክብደት ምረጥና አቅምህ እስኪያልቅ ግፋ። የገፋህበትን ብዛት ለ30 አካፍል፣ 1 ደምርበት፣ በክብደቱ አባዛው። 60 ኪሎ 8 ጊዜ ከገፋህ 76 ኪሎ ይሆናል። አንድ ጊዜ ብቻ ልትገፋው የምትችለው ክብደት በግምት ይሄ ነው። ለደረትም ለጀርባም እንዲሁ አድርግ። የእጅህን ጨምረህ አራቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፋቸው፤ አደራ፣ ደምረህ አንድ ቁጥር አታድርጋቸው! የደከመው ቦታ ይደበቅብሃል።

ከጓደኛህ ጋር አትወዳደር። ከሁለት ወር በኋላ በዚያው ማሽን፣ በተቀራራቢ ሰዓት ድገመው። ስትገፋ ትንፋሽህን አትያዝ። የደም ግፊት ወይም ቡአ ካለብህ መጀመሪያ ሐኪም ያማክርህ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዳገቱ ላይ ቀድሞ የሚያልቅብህ ጭንህ ነው ወይስ ትንፋሽህ? ትንፋሽህ ከሆነ ክብደት መግፋቱ ብቻውን አይፈታውም። በሳምንት ጥቂት ቀን ረዘም ያለ ፈጣን እርምጃ ጨምርበት። ደረትህን የሚያፍንህ ከሆነ ግን ከስፖርት ቤቱ በፊት ሐኪም ጋ ሂድ።