የፑንጃቢ፣ የኡርዱና የእንግሊዝኛ ተርጓሚ ፍለጋ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ አነስተኛ የትርጉም ቢሮ ከፍቻለሁ። በግሉ የሚሠራ የፑንጃቢ ተርጓሚ ከየት አገኛለሁ?

መልስ፦ አስቀድመው ሰነዱ በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ ይዩ። ፑንጃብ በ1947 እ.ኤ.አ. በሕንድና በፓኪስታን መካከል የተከፈለች ምድር ናት፤ ቋንቋው በሕንድ በኩል ከግራ ወደ ቀኝ በሚሄደው በጉርሙኪ፣ በፓኪስታን በኩል ግን ከቀኝ ወደ ግራ በሚሄደው በሻህሙኪ ስለሚጻፍ፣ በቃል የሚግባቡ ሁለት ሰዎች አንዳቸው የሌላውን ደብዳቤ ማንበብ ሊሳናቸው ይችላል። በሕንድ ያለችውን የአምሪትሳርን የልደት ምስክር ወረቀት በፓኪስታን ባለችው ላሆር ለተማረ ተርጓሚ ቢልኩለት፣ ቋንቋው አፍ መፍቻው ሆኖ ሳለ ሳያነበው ሊመልስልዎት ይችላል። ፊደሉን ከለዩ በኋላ ፕሮዝ በተባለው የተርጓሚዎች ድረ ገጽ ማውጫና በብሪታንያው ቻርተርድ የቋንቋ ባለሙያዎች ተቋም የአባላት ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ኡርዱ የሚተረጉም ፓኪስታናዊ ፑንጃቢውንም ይሠራልኛል?

መልስ፦ እንዲህ ብለው አይገምቱ። በፓኪስታን የ2017 ቆጠራ ፑንጃቢ አፍ መፍቻዬ ነው ያለው 39 ከመቶ ገደማ፣ ኡርዱ ያለው ደግሞ 7 ከመቶ ገደማ ነበር። ሆኖም ትምህርት የሚሰጠው በአብዛኛው በኡርዱና በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ፑንጃቢ አፉን የፈታበት ሰው ጽሕፈቱን ላይለምድ ይችላል።

አንድ የውይይቱ ተሳታፊ፦ በርሚንግሃም ያሉ፣ በፓኪስታን ሥር ባለው ካሽሚር የምትገኘው የሚርፑር ተወላጆች ቋንቋቸውን ፑንጃቢ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ማንኛውም የፑንጃቢ ባለሙያ ይበቃቸዋል።

ሌላ ተሳታፊ፦ አይበቃቸውም። ብዙዎቹ የሚናገሩት ፓሃሪ ወይም ፖትዋሪ የሚባለውን ነው፤ በሐኪም ፊት አለመግባባት ቢፈጠር ተጎጂው በሽተኛው ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለ አስተርጓሚ ነው፤ የተጠየቀው ግን ስለ ተርጓሚ ነው። በቃል የሚያስተረጉም ሁሉ በጽሑፍ አይተረጉምም።

ጥያቄ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ ፊደሉንና ሰነዱን ሳላይ አልመልስም።

ጥያቄ፦ ቋንቋውን ሳላውቅ ችሎታውን እንዴት ልፈትን?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ግማሽ ገጽ ይስጡት፣ የድካሙንም ይክፈሉት። በውስጡ «ከል» የሚለው ቃል ይኑርበት፤ ይህ ቃል በኡርዱም በፑንጃቢም «ትናንት»ንም «ነገ»ንም ስለሚያመለክት፣ የሚለየው በግሱ ጊዜ ነው። አሁን አንድ የስልክ መልእክት «ከል፣ አምስት ሰዓት» ብሎ ያለ ግስ ቢያበቃ፣ ግዴለሹ ተርጓሚ አንዱን መርጦ ይጽፋል፤ ጠንቃቃው ግን ቃሉ ለሁለቱም እንደሚሆን በማስታወሻ ያሳውቃል። መልእክቱ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ ከሆነ፣ ያቺ ማስታወሻ የአንድ ሰው ዕጣ ልትሆን ትችላለች።

ጥያቄ፦ ጥሩ የፑንጃቢ ተርጓሚ የሚያውቅ አለ?

መልስ፦ በየትኛው ፊደል?