«ተጠንቶ ይቅረብ» ያልኩበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ማኪያቶዬን ይዤ ቁጭ ብዬ ሳለሁ የጎረቤታችን ልጅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ማስተማር ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ መምህራኑ ወክለዋት የትምህርት ቤታቸው ቦርድ አባል ሆናለች። «ጋሼ፣ እርስዎም ቦርድ ላይ ነበሩ አሉ። የልጆቹን ውጤት እንዳለ ላቅርበው ወይስ ትንሽ ልጠብቅ?» አለችኝ።

ልጠብቅ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ጠብቅ እንዲሉት ነው የሚፈልገው። እኔም ሻይ አዝዤላት ወሬ ቀየርኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መልሱን ለእሷም፣ እሷን ለምትመስሉ ወጣቶችም እንዲህ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሠላሳ ምናምን ዓመት የሠራሁት ኦዲተርነት ነው። ጡረታ ስወጣ የልጅ ልጄ በሚማርበት፣ እዚሁ መሀል ከተማ ባለ የግል ትምህርት ቤት ወላጆችን ወክዬ ቦርድ ገባሁ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ የምናገረው ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

ጊዜው የካቲት 2014 ነው። መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ተብሎ ትምህርት ሲዘጋ ለአሥራ አምስት ቀን መስሎን ነበር፤ ወራት ቆየ። ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ሁሉም ሳይፈተን አለፈ። በ2013 ሲከፈት ደግሞ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ፈረቃ ሆነ፤ ዛሬ የተማረው ነገ ቤት ይውላል። ቤት ለሚውለው ወርክሺት በቴሌግራም ይላካል። የሚሠራው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እናት ናት፣ ካልሆነም ታላቅ እህት። እኔ ራሴ በአካባቢ ሳይንስ 10 ከ10 ደፍኛለሁ።

የዚያን ቅዳሜ ስብሰባው 3 ሰዓት ነበር። ቀደም ብዬ ደርሼ ኮሪደሩ ላይ ስቆም አንዲት የ4ኛ ክፍል አማርኛ መምህርት «አንድ ጊዜ ይምጡልኝ» ብላ ወደ ክፍል አስገባችኝ። ለቱቶሪያል የመጣች አንዲት ትንሽ ልጅ ተቀምጣለች፤ ሹሩባ የተሠራች፣ ደብተሯ በጋዜጣ የተለበደ። ደብተሩን ገለጥኩት። የእጅ ጽሑፏ ከእኔ ይበልጣል። «አንብቢላቸው» አለቻት መምህርቷ። ልጅቷ መጽሐፏን ከፍታ ስለ ንብ የሚያወራውን ምንባብ ወረደችበት። አንድ ፊደል አልሳተችም። ላጨበጭብላት ስል መምህርቷ ጣቷን ሦስተኛው መስመር ላይ አንዲት ቃል ላይ አሳርፋ «ይቺ ምን ትላለች?» አለቻት።

ልጅቷ ዝም አለች። ከዚያ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከርእሱ ተነስታ፣ በለሆሳስ፣ በቃሏ እየወረደች፣ ጣቷን በየቃሉ ላይ እያሳለፈች መጥታ እዚያች ቃል ላይ ስትደርስ «ቀፎ!» አለች፤ ፊቷ በርቶ። ቀጥላ ያለችውን ስትጠየቅ እንደገና ከርእሱ ጀመረች።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው። ሀሁን በዜማ የያዘ ልጅ ሁሉ ያወቀ ይመስለዋል። የኔታ ይህን ስለሚያውቁ በስንደዶ ከታች ወደ ላይ ይጠይቁ ነበር። አቡጊዳም ለዚሁ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ተበጥብጦ ሲመጣ በዜማ የሸመደደ ይጋለጣል። ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ሲጋለጥ ሱሪው ረጥቦ ነበር፤ ኋላ ትልቅ መሐንዲስ ሆነ። ያን የቆዳ ቁርበትና የቁንጫውን ነገር ላውራ ብል አልጨርስም።

«ስንት ናቸው እንዲህ ያሉት?» አልኳት። «ከግማሽ ይበልጣሉ» አለች። «ትምህርት ሲዘጋ 2ኛ ክፍል ነበሩ፤ ፊደል አገጣጥመው ሳይጨርሱ ነው የተበተኑት። ቦርዱ ፊት እናገራለሁ፣ አይዞሽ ይበሉኝ።» እሺ አልኳት።

ስብሰባ ገባን። ዳይሬክተሩ ሮስተሩን፣ የተማሪዎቹን የውጤት ሰንጠረዥ፣ አደለን። የ4ኛ ክፍል አማካይ ከኮሮና በፊት ከነበረው ይበልጣል። ከ60 በታች ያመጣ አንድ ልጅ የለም። ተከታታይ ምዘናው ከላይ እስከ ታች 9፣ 9፣ 10፣ 9 ነው። ሰው በአንድ ምሽት ተቀምጦ የሞላው የፔቲ ካሽ፣ የጥቃቅን ወጪ፣ ደረሰኝ ልክ እንደዚያ ነው የሚመስለው፤ ዓይኔ ወዲያው ለየው። መምህርቷ ተነስታ ተናገረች። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስትጨርስ ሰው ሁሉ እኔን አየ፤ የሒሳብ ሰው ነው ብለው።

ቀጣዩ አጀንዳ የክፍያ ጭማሪ ነበር። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ወቅት ገቢው ቀንሶ ደመወዝ ሲጓተት ነበር፤ ጥበቃው ሁለት ወር ሳይከፈለው በር ላይ እንደቆመ አውቃለሁ። ልጆቹ ማንበብ አይችሉም ብለን ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍረን በዚያው ቀን ጨምሩ ብንል የትኛው ወላጅ ይሰማናል? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩና «የተነሳው ነጥብ ጠቃሚ ነው፤ በዝርዝር ተጠንቶ ይቅረብ» አልኩ። ሁሉም ተነፈሰ። ቡና መጣ። ማንም አላጠናውም። መምህርቷ በዓመቱ መጨረሻ ለቀቀች፤ አሁን የሪል ስቴት ሽያጭ ላይ ናት፣ ደህና ታገኛለች መሰለኝ። አንድ ቀን ፒያሳ አየችኝና በትሕትና ሰላም አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዓመቱ፣ ጥር 2015፣ ሚኒስትሩ ብርሃኑ ነጋ የ12ኛ ክፍልን ውጤት በቴሌቪዥን ሲናገሩ የሀገሩ ሰው ሁሉ ደነገጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፤ 3.3 በመቶ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ኩረጃው ሲቀር የወጣ ቁጥር ነው። ትምህርት ሲዘጋ እነዚያ ልጆች 10ኛ ክፍል ነበሩ። ሁሉን ኮሮና ላይ መለጠፍ ግን አይሆንልኝም፤ በሽታው የቆየ ነው፣ ኮሮና ገለጠው እንጂ። በዓመቱ 3.2 በመቶ ሆነ፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4። ተሻሻለ ይላሉ። ይሁን።

እናንተን ወጣቶቹን ደግሞ ልናገራችሁ። ወርክሺት ሳይነበብ መልሱን ቴሌግራም ላይ መፈለግ የለመደ ትውልድ ናችሁ፤ አንድ ገጽ ሲረዝም «በድምጽ የለም?» ትላላችሁ። እኛ በ1967 በእድገት በኅብረት ዘመቻ 11ኛ ክፍልን አቋርጠን ገጠር ወረድን፤ ስንመለስ ማንም በነጻ አላሳለፈንም፣ ከታናናሾቻችን ጋር ተቀምጠን ሀ ብለን ጀመርን። እንዲያ እያልኩ ልጄ ላይ ስፎክር «አባዬ፣ ያኔ በነጻ እለፍ ቢሉህ እምቢ ትል ነበር?» አለኝ። አልልም። ሎጋሪዝም እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ያመለጠኝ እዚያ ጋ ነው። መምህራኑም ያን 9 እና 10 የሞሉት ክፉ ሆነው አይመስለኝም፣ አሳዝነዋቸው ነው። እኔም ያን ጊዜ አዝኜ ነበር ብዬ ራሴን ሳጽናና እገኛለሁ። ደግሞስ እዚያ ክፍል ውስጥ እውነቱን የተናገረችው የ25 ዓመት ልጅ ናት፤ ዝም ያልነው ሽበታሞቹ ነን።

ያቺ ሹሩባ የነበራት ልጅ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል መሆን አለባት። ቤታቸው ካዛንቺስ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ዳር ወጡ። የት እንደምትማር አላውቅም።

ትናንት የጎረቤቴን ልጅ ደወልኩላት። አማካይ ይዘሽ አትግቢ አልኳት፤ አማካይ ይሸፍናል። ሦስት ልጆች ምረጪ፣ አይተውት የማያውቁትን ገጽ ስጪያቸው፣ ከመሀል ጠቁመሽ አስነብቢ፣ ያልቻሉትን ቃል በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። «ተጠንቶ ይቅረብ» የሚል ሰው ሲነሳ፣ እንደኔ ያለ ሽማግሌም ቢሆን፣ ማን እስከ መቼ እንደሚያጠናው ስሙና ቀኑ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ በይ። የቅዳሜውን አጀንዳ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ክፍያ ተራ ቁጥር 1 ነው፤ የተማሪዎች ውጤት ተራ ቁጥር 5፣ «ልዩ ልዩ» ከሚለው በላይ። አጀንዳው ሳይጸድቅ እጅሽን አውጪና ቦታ እንዲለዋወጡ ጠይቂ አልኳት።